ቢብሎስ፦ የዝግባና የፊደል ወደብ

ከሊባኖስ ዋና ከተማ ከቤይሩት ተነሥቶ የሜዲትራንያንን ዳርቻ ይዞ ወደ ሰሜን 40 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው፣ በተራራና በባሕር መካከል የተቀመጠች አንዲት ትንሽ ከተማ ያገኛል። ነዋሪዎቿ ዛሬ በዐረብኛ ጅቤይል ይሏታል። ጥንታውያን ባለቤቶቿ ጉብላ ወይም ጌባል ይሏት ነበር፤ ግሪኮች ቢብሎስ አሏት፤ የመስቀል ጦረኞችም በራሳቸው አንደበት አጣምመው ጂብሌ ብለዋታል። የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ ከተማዪቱን ልብ ሳይላት ብዙ ጊዜ አልፏታል። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ለሰሎሞን ቤተ መቅደስ እንጨትና ድንጋይ ካዘጋጁት መካከል የሚጠቀሱት ጌባላውያን፣ በትንቢተ ሕዝቅኤልም የጢሮስን መርከብ ስብራት ሲጠግኑ የምናያቸው የጌባል ሽማግሌዎችና ጥበበኞች የዚህችው ከተማ ሰዎች ናቸው። ዩኔስኮ በ1984 በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዛሬ ወደቧን ያየ ሰው ይህ ሁሉ ታሪክ በዚህ በኩል አለፈ ብሎ ለማመን ይቸገራል። ወደቡ ጥቂት የዓሣ ጀልባዎችና የመዝናኛ ጀልባዎች ብቻ የሚጠለሉበት፣ በአፉ ላይ አሮጌ የድንጋይ ግንብ የቆመበት ጠባብ የባሕር እቅፍ ነው። ነገር ግን ከተማዪቱ በሺዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት የኖረችው ራሷ ባመረተችው ብቻ አልነበረም፤ ከጀርባዋ ያለው ተራራ የሚሰጠውን ለባሕር ማዶ እያሳለፈች፣ ባሕር ያመጣውን ደግሞ ለተራራው እያቀበለች ነው። ቅርሷም ሆነ የዛሬ ገቢዋ የሚገባን ይህን የአቀባይነት ሥራዋን ስንከተል ነው።

ተራራው፣ ባሕሩና ዝግባው

በቢብሎስ በኩል የባሕሩ ዳርቻ ሜዳ ጠባብ ነው፤ ጥቂት እንደተሄደ መሬቱ ሽቅብ መውጣት ይጀምርና ከሊባኖስ ተራሮች ሰንሰለት ጋር ይቀላቀላል። ከባሕሩ አጠገብ ባለው ጉብታ ላይ የመጀመሪያዎቹ ዓሣ አጥማጆች ጎጆ የቀለሱት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው ሺህ ዓመት ገደማ ሲሆን፣ የቤቶቻቸው ወለል ከተፈጨ የኖራ ድንጋይ የተለሰነ ነበር። ከእነርሱ በኋላ በ4ኛው ሺህ ዓመት የኖሩት ሰዎች ሙታናቸውን በትልልቅ የሸክላ ጋኖች ውስጥ፣ በእናቱ ማሕፀን እንዳለ ሕፃን ጉልበታቸውን አጣጥፈው ይቀብሩ ነበር። እንዲህ ያሉ መቃብሮች በብዛት ተቆፍረው ወጥተዋል፤ በጋኑ ውስጥ ከሟቹ ጋር የተቀመጡ ዕቃዎችም ተገኝተዋል።

ከተማዪቱን ከመንደርነት ወደ ከተማነት ያሸጋገራት የግብፅ እንጨት ፈላጊነት ነው። በአባይ ሸለቆ ለባሕር መርከብ፣ ለቤተ መቅደስ በርና ለነገሥታት የሬሳ ሣጥን የሚሆን ረጅምና ጠንካራ ግንድ አይበቅልም፤ በሊባኖስ ተራሮች ላይ ግን በዚያ ዘመን የዝግባ ደን ሞልቶ ነበር። በመጽሐፍ ቅዱሳችን «የሊባኖስ ዝግባ» የሚባለው ይህ ዛፍ በኢትዮጵያ ደኖች ከሚገኘው ዝግባ ጋር ስም ተጋራ እንጂ ዘሩ ሌላ ነው። እንጨቱ ጥሩ መዓዛ አለው፤ ብስባሴና ነቀዝ አይደፍረውም፤ ከሊባኖስ ዛፎች የሚገኘውን ሙጫ ደግሞ ግብፃውያን ለሬሳ ማድረቂያ ይፈልጉት ነበር። የሁለተኛው ሥርወ መንግሥት ፈርዖን የኻሴኸምዊ ስም የተቀረጸበት የድንጋይ ዕቃ ስባሪ ቢብሎስ ውስጥ መገኘቱ፣ ግንኙነቱ ከፒራሚዶቹ በፊት እንደተጀመረ ያሳያል። ከክርስቶስ ልደት በፊት 2600 ገደማ የነገሠው ስኔፍሩ ዝግባ የጫኑ 40 መርከቦች ማስመጣቱ በግብፅ የዘመን መዝገብ ላይ ተጽፏል። የልጁ የኩፉ መርከብ በ1954 ከታላቁ ፒራሚድ ሥር ሲወጣ፣ ከ43 ሜትር በላይ ርዝመት ያለው አካሉ በአብዛኛው ከሊባኖስ ዝግባ የተሠራ ሆኖ ተገኘ።

ግብፃውያን የባሕር መርከብን የጠሩበት ስም ራሱ ከዚህች ከተማ የተወሰደ ነበር፤ «የጉብላ መርከብ» እንደማለት ነው። ስሙ ከጊዜ በኋላ ወደ ቢብሎስ ለማይሄዱ መርከቦች ጭምር ዋለ፤ በቀይ ባሕር ወደ ፑንት የሚጓዙትም በዚሁ ስም ተጠርተዋል። ፑንትን ብዙ ተመራማሪዎች በአፍሪካ ቀንድና በቀይ ባሕር ደቡባዊ ዳርቻ አካባቢ ያስቀምጡታል። በግብፅ የቀይ ባሕር ዳርቻ በሚገኘው በመርሳ ጋዋሲስ ጥንታዊ ወደብ ወደ ፑንት ይጓዙ የነበሩ መርከቦች ቅሪት ሲቆፈር፣ ከእንጨቶቹ መካከል የሊባኖስ ዝግባ ተገኝቷል። ከቢብሎስ ተራሮች የተቆረጠው ግንድ ሜዲትራንያንን አቋርጦ፣ የግብፅን በረሃ በሰውና በአህያ ጀርባ ተሻግሮ፣ ዕጣንና ዝባድ ወደሚሸትበት ወደ እኛው ባሕር መድረሱን ሳስብ፣ የጥንቱ ዓለም ከምንገምተው በላይ የተገመደ መሆኑ ይታየኛል።

ይህ ንግድ ያመጣው ሀብት ዛሬም በፍርስራሹ ውስጥ ይነበባል። «የጌባል እመቤት» ለምትባለው አምላክ የተሠራው ቤተ መቅደስ ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 2700 ገደማ የተመሠረተ ሲሆን፣ የግብፅ ነገሥታት ስማቸውን የቀረጹባቸውን ስጦታዎች ይልኩለት ነበር። ከእርሱ በኋላ የተሠራው የሐውልቶች ቤተ መቅደስ በግቢው ውስጥ ትንንሽ የድንጋይ ሐውልቶች በብዛት የተተከሉበት ነው፤ ከሐውልቶቹ አብዛኞቹ ከሰው ቁመት አይበልጡም። አክሱምን ያየ ኢትዮጵያዊ በቁመታቸው ላይገረም ይችላል። በሥራቸው ተቀብረው የተገኙት የነሐስ ሰዎች ግን ያስደንቃሉ። ቀጫጭን፣ ሾጣጣ ቆብ የደፉ፣ በወርቅ ቅጠል የተለበጡ፣ ከእጅ መዳፍ ብዙም የማይበልጡ ምስሎች ናቸው፤ በቤይሩት ብሔራዊ ሙዚየም መስታወት ውስጥ እንደ ሠራዊት ተሰልፈው ይታያሉ።

በግብፅ ጥላ ሥር መኖር ግን ዋጋ ነበረው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ14ኛው መቶ ዓመት የጉብላ ንጉሥ የነበረው ሪብ-ሃዳ ለፈርዖን የላካቸው ወደ 60 የሚጠጉ የሸክላ ደብዳቤዎች ግብፅ ውስጥ አማርና በተባለው ስፍራ ተገኝተዋል። ደብዳቤዎቹ «በጌታዬ እግር ሥር ሰባት ጊዜ፣ ሰባት ጊዜም እወድቃለሁ» በሚል ሰላምታ ይከፈቱና ወዲያው ወደ እሮሮ ይገባሉ። ጠላት ከብቦታል፤ ስንዴ አልቋል፤ ሕዝቡ ወንድና ሴት ልጆቹን፣ የቤቱንም እንጨት ሳይቀር ለእህል ሸጧል። እርሻው ከአራሽ እጦት የተነሣ «ባል እንደሌላት ሴት» እንደሆነ ደጋግሞ ይጽፋል። ርዳታው አልመጣለትም፤ በመጨረሻም የገዛ ወንድሙ ከከተማው አስወጥቶ በሩን ዘጋበት። ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ ያለፈው የአንድ ሰው ጭንቀት እንዲህ ቃል በቃል ሲነበብ፣ የቢብሎስ ድንጋዮች ሁሉ የማይናገሩትን ያህል ይናገራል።

ፊደል

ቢብሎስ በዓለም ዘንድ ስሟ የሚነሣው ከሁሉ በላይ በፊደል ነው። ፊደል የተፈለሰፈው እዚሁ ከተማ ነው የሚለው በብዙ የቱሪስት መጽሔት የሚደጋገም አባባል ግን ትክክል አይደለም፤ እስካሁን የታወቁት ጥንታዊ የፊደል ምልክቶች የተገኙት በሲና በረሃና በግብፅ ሲሆን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1900 እስከ 1800 ባለው ዘመን አካባቢ ሴማዊ ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች የቀረጿቸው ናቸው። የቢብሎስ ድርሻ ሌላ ነው። ከተማዪቱ አስቀድሞም የራሷ የሆነ፣ በነሐስ ሰሌዳዎች ላይ የተቀረጸና እስከ ዛሬ ያልተፈታ ጽሕፈት ነበራት። ኋላ ደግሞ 22 ሆሄያት ያሉት የፊንቄ (ቢብሎስን ጨምሮ የጥንቱ የሊባኖስ ዳርቻ ከተሞች ሀገር) ፊደል በተሟላ መልኩ ከታየባቸው እጅግ ጥንታዊ ጽሑፎች ዋነኛው የወጣው ከዚህችው መሬት ነው።

ይህም የንጉሥ አሒራም የሬሳ ሣጥን ነው። በ1922 መጀመሪያ ከባድ ዝናብ የባሕሩን ገደል ሲንደው አንድ የንጉሥ መቃብር ተጋለጠ፤ ይህንን ተከትለው ቁፋሮውን የቀጠሉት ፈረንሳዊው ፒየር ሞንቴ በ1923 የአሒራምን መቃብር አገኙ። ሣጥኑ ከኖራ ድንጋይ የተወቀረና በአራት አንበሶች የተደገፈ ነው። በጎኑ ላይ ንጉሡ ክንፍ ባላቸው፣ ፊታቸው የሰው በሆነ አራዊት ዙፋን ላይ ተቀምጦ ይታያል፤ በእጁ የያዘው አበባ አንገቱን ደፍቷል፤ ይህም መሞቱን የሚያመለክት ነው። በፊቱ የግብር ገበታ ተዘርግቷል፤ አገልጋዮችም ወደ እርሱ ይመጣሉ። በሣጥኑ ራስጌና ግርጌ ደግሞ ጡታቸውን የሚደቁና ጸጉራቸውን የሚነጩ አልቃሽ ሴቶች ተቀርጸዋል፤ የለቅሶ ሥርዓታችንን ለሚያውቅ አንባቢ አስተርጓሚ አያሻቸውም። በክዳኑ ጠርዝ ላይ የሚሮጠው ጽሑፍ ሣጥኑን ለአባቱ ያሠራው ኢቶበዓል መሆኑን ገልጾ፣ ይህን መቃብር የሚከፍት ንጉሥም ሆነ ገዥ የፍርድ በትሩ እንዲሰበር፣ የመንግሥቱ ዙፋን እንዲገለበጥ፣ ሰላምም ከጉብላ እንዲሸሽ ይረግማል። አብዛኞቹ ሊቃውንት ጽሑፉን ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 1000 ገደማ ያደርሱታል።

ለግእዝ ፊደል ልጆች ይህ ጽሑፍ የባዕድ ጉዳይ አይደለም። ከጥንቱ ሴማዊ ፊደል አንደኛው ቅርንጫፍ ወደ ፊንቄ ሄዶ የግሪክንና የላቲንን፣ የዕብራይስጥንና የዐረብኛን ፊደላት ወለደ፤ ሌላው ቅርንጫፍ ወደ ደቡብ ዐረብ ወርዶ በቀይ ባሕር በኩል የግእዝ ፊደል መነሻ ሆነ። ስለዚህ የአሒራም ፊደልና የእኛ ፊደል እናትና ልጅ ሳይሆኑ ከአንድ አያት የተወለዱ ዘመዳሞች ናቸው። ዝምድናቸው በስም ይታወቃል፤ አሌፍ፣ ቤት፣ ጊሜል፣ ዳሌት የሚሉት በአልፍ፣ ቤት፣ ገምል፣ ደንት ይመለሳሉ። በመልክም ይታወቃል፤ በአሒራም ሣጥን ላይ «ዐይን» የተጻፈው በክብ ነው፣ የእኛው ዐይኑ «ዐ»ም እስከ ዛሬ ክብ ነው፤ «ታው» በዚያ ላይ መስቀል ነው፣ የእኛው «ተ»ም የመስቀል ቅርጹን አልተወም።

ስለ መጽሐፍ የሚነሣው ስሟም ከንግድ የመጣ ነው። በጣና ሐይቅ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል በግብፅ ለመጻፊያ የሚሆን ፓፒረስ ይዘጋጅበት ነበር፤ ይህም ፓፒረስ ወደ ግሪኮች ሀገር ይደርስ የነበረው በፊንቄ ነጋዴዎች እጅ ነው። ግሪኮች ፓፒረሱንም ከተማዪቱንም ቢብሎስ ብለው ጠሩ፤ የትኛው ስም ከየትኛው እንደወጣ ሊቃውንት ይከራከራሉ፤ የግሪክኛው «ቢብሊዮን»፣ ከእርሱም መጽሐፍ ቅዱስ በአውሮፓ ቋንቋዎች የሚጠራበት ስም የመጣው ግን ከዚሁ ቃል ነው።

የአዶኒስ ወንዝ

ከከተማዪቱ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች በደቡብ በኩል ዛሬ ናህር ኢብራሂም የሚባል ወንዝ ወደ ባሕር ይገባል። ጥንት ስሙ አዶኒስ ነበር፤ ይህም «ጌታ» ከሚለው ሴማዊ ቃል የተወሰደ ነው፣ በግእዝ ጸሎት ከምናውቀው «አዶናይ» ጋር ሥሩ አንድ ነው። በአፈ ታሪኩ መሠረት ውበቱ የታወቀው ወጣት አዶኒስ በተራራው ላይ በአደን ሳለ በከርከሮ ተወግቶ ሞተ፤ በየዓመቱም ወንዙ በደሙ ይቀላል። የቢብሎስ ሴቶች በዚያ ወቅት ደረታቸውን እየደቁ ያለቅሱለት፣ ጸጉራቸውንም ይላጩለት ነበር፤ ከልቅሶው በኋላ ሕያው ሆኗል ብለው ደስታ ያደርጋሉ። ወንዙ በእርግጥም በዝናብ ወራት ይቀላል። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ2ኛው መቶ ዓመት ስለዚህ የጻፈ አንድ ሶርያዊ፣ የቢብሎስ ሰው የሆነ ሰው ቅላቱ ከተራራው ቀይ አፈር እንደሚመጣ እንዳስረዳው መዝግቧል። ወንዙ አፍቃ ከሚባል ትልቅ ዋሻ ይፈልቃል፤ ከዋሻው ፊት የነበረውን ቤተ ጣዖት ያፈረሰው ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ ነው። ግብፃውያንም የራሳቸውን ታሪክ ከዚህች ከተማ ጋር አያይዘዋል፤ የኦሲሪስ ሬሳ ያለበት ሣጥን ባሕር ወስዶት ቢብሎስ ዳርቻ ላይ እንደተተፋ፣ ሚስቱ ኢሲስም እስከዚያ ድረስ እያለቀሰች እንደፈለገችው ይተረክ ነበር።

ድንጋይ በድንጋይ ላይ

በ332 ከክርስቶስ ልደት በፊት እስክንድር፣ በ64 ደግሞ ሮማዊው ፖምፔዩስ ከተማዪቱን ያዙ። ከሮማውያን ዘመን የቀረው ትንሽ የድንጋይ ቲያትር በ3ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የተሠራ ነው፤ ዛሬ ባሕሩን እየተመለከተ የቆመው ሲሶው ያህል ብቻ ሲሆን፣ በሥሩ ያሉትን ጥንታዊ ንብርብሮች ለመቆፈር ሲባል ከዋናው ቦታው ተነሥቶ የተተከለ ነው። ንጉሠ ነገሥት ሐድርያን ደግሞ ደኑ እያለቀ መምጣቱን ተረድቶ የተወሰኑ የዛፍ ዓይነቶችን ለመንግሥት ብቻ የሚከልል ጽሑፍ በሊባኖስ ተራሮች ዐለት ላይ አስቀረጸ፤ እንዲህ ያሉ ጽሑፎች ወደ 200 የሚጠጉ ተገኝተዋል፣ በቢብሎስ ላይኛው ተራራም አሉ። አዋጁ ደኑን አላዳነውም። የዛሬው ሊባኖስ በሰንደቅ ዓላማው መካከል ያኖረው ዝግባ በምድሩ ላይ የቀረው በተበታተኑ ጥቂት ስፍራዎች ብቻ ነው።

የመስቀል ጦረኞች በ1104 በጄኖቫ መርከቦች ርዳታ ከተማዪቱን ያዙ፤ ኤምብሪያኮ የሚባሉ የጄኖቫ ቤተሰቦችም ገዟት። የሠሩት ግንብ እስከ ዛሬ ከፍርስራሹ በላይ ጎልቶ ይታያል። ግንበኞቹ አዲስ ድንጋይ ፍለጋ ሩቅ አልሄዱም፤ የፋርስና የሮማውያን ዘመን ጥርብ ድንጋዮችን አንሥተው ገነቡት፤ የሮማውያን ዓምዶችንም አጋድመው በግድግዳው ውስጥ እንደ ማሰሪያ አስገቧቸው። የተቆረጡት የዓምድ ጫፎች ከግድግዳው ውስጥ እንደ ክብ ዓይን ብቅ ብለው ይታያሉ። በ1115 የተጀመረው የማር ዩሐና ማርቆስ ቤተ ክርስቲያንም የዚያው ዘመን ሥራ ነው፤ በሰሜን ግድግዳው ላይ የተለጠፈው፣ በቅስቶች ላይ ያረፈ ጉልላት ያለው የክርስትና ማንሻ ደጅ ላይ መሆኑ ልዩ ያደርገዋል። ሕንጻው ዛሬ ከሮም ቤተ ክርስቲያን ጋር አንድነት ያላቸው የሊባኖስ ክርስቲያኖች የማሮናውያን ነው። ከዚያ በኋላ ማምሉኮች፣ ከ1516 ጀምሮም ኦቶማኖች ገዙ፤ ከተማዪቱ ወደ ትንሽ የዓሣ አጥማጆች ሰፈርነት ተመለሰች። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት በተራራው ላይ የወረደው ታላቅ ረሃብ ከሊባኖስ እጅግ ብዙ ሕዝብ ጨረሰ፤ ከዚያ በፊት የተጀመረው ወደ ብራዚል፣ ወደ አርጀንቲናና ወደ ሰሜን አሜሪካ የሚደረገው ስደትም በረታ።

ፈረንሳዊው ኤርኔስት ሬናን በ1860 በከተማዪቱ የመጀመሪያውን ጥናት አካሄደ። ከሞንቴ በኋላ የመጣው ሞሪስ ዱናን ከ1920ዎቹ አጋማሽ እስከ 1975 ድረስ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቆፈረ። ያወጣው ቅርስ ብዛት የሚደነቅ ቢሆንም ዘዴው ብዙ ወቀሳ አስከትሏል፤ የአፈሩን ተፈጥሯዊ ንብርብር እየተከተለ ሳይሆን በየ20 ሳንቲ ሜትሩ አግድም እየቆረጠ ስለወረደ፣ የትኛው ዕቃ ከየትኛው ዘመን እንደሆነ መለየት ለኋለኞቹ አስቸጋሪ ሆኗል። ለቁፋሮው ሲባል በጉብታው ላይ የነበሩ የመንደር ቤቶች ተነሥተዋል። ከእነርሱ አንድ ብቻ፣ ቀይ የሸክላ ክዳን ያለው የድሮ የሊባኖስ ቤት፣ በሺህ ዓመታት ፍርስራሽ መካከል በባሕሩ አፋፍ ላይ ብቻውን ቀርቷል፤ እኔ በበኩሌ ከቤተ መቅደሶቹ ባላነሰ ይህን ቤት የከተማዪቱ ቅርስ አድርጌ እቆጥረዋለሁ።

ሕዝቡና እምነቱ

የከተማዪቱ ነዋሪዎች አብዛኞቹ ማሮናውያን ክርስቲያኖች ናቸው፤ ሙስሊሞችና አርመኖችም አብረው ይኖራሉ፤ በአሮጌው ገበያ አጠገብ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ተቀራርበው ይታያሉ። ከከተማው በላይ በተራራው በአናያ ገዳም የቅዱስ ሻርበል መቃብር ይገኛል። በ1898 ያረፈውና በ1977 በሮም ቤተ ክርስቲያን ቅድስናው የታወጀው ይህ መነኩሴ፣ በሊባኖስ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ለፈውስ የሚሳለው ቅዱስ ነው፤ ወር በገባ በ22ኛው ቀን የሚደረገው ዑደት ብዙ ምእመናንን ይሰበስባል።

አርመኖቹ ወደዚህ የመጡት ከ1915ቱ እልቂት የተረፉ ሆነው ነው። በባሕሩ ዳር የሚገኘው «የወፍ ጎጆ» የተባለው የሕፃናት ማሳደጊያ በዴንማርካዊቷ ሚስዮናዊት ማሪያ ያኮብሰን ሥር እጅግ ብዙ ወላጅ አልባ አርመናውያንን አሳድጓል፤ እርሷም በዚያው ግቢ ተቀብራለች። በ2015 በግቢው ውስጥ የእነዚያን ልጆች ታሪክ የሚናገር ሙዚየም ተከፍቷል። ኢትዮጵያም የዚያው መከራ ልጆችን ተቀብላ ነበር፤ ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም ወደ አዲስ አበባ ያመጧቸውና ሙዚቃ የተማሩት «አርባ ልጆች» ከቢብሎስ ባይሆኑም የአንድ ዕጣ ተካፋዮች ናቸው።

የዛሬው ኑሮ

ከነጻነት በኋላ በ1960ዎቹ ቢብሎስ አዲስ ዓይነት ንግድ አገኘች። በወደቡ ዳር ፔፔ አቤድ የተባለ ሰው የከፈተው የዓሣ ምግብ ቤት ማርሎን ብራንዶንና ብሪጂት ባርዶን የመሳሰሉ ተዋንያን የሚያርፉበት ሆነ፤ ግድግዳውን የሞሉት ፎቶግራፎቻቸው የዚያ ዘመን ማስታወሻ ናቸው። ከ1975 እስከ 1990 የቆየው የእርስ በርስ ጦርነት ይህን ሁሉ አቆመው። ከተማዪቱ ራሷ ከቤይሩት ጋር ሲነጻጸር ብዙ ባትወድምም ቅርሶቿ ያሉበት ብሔራዊ ሙዚየም በጦር ግንባሩ መስመር ላይ ወደቀ፤ የጥንታዊ ቅርሶች ኃላፊ የነበሩት ሞሪስ ሸሃብና ባለቤታቸው ከባዶቹን ድንጋዮች በእንጨትና በኮንክሪት ሸፍነው፣ ትንንሾቹን በምድር ቤት አሽገው አዳኗቸው። ሰላም ሲመለስ አሮጌው ገበያ ታደሰ፤ በበጋ ከግንቡ ሥር በወደቡ ዳር የሚካሄደው ዓለም አቀፍ የሙዚቃ ፌስቲቫልም ተመለሰ፤ የሊባኖስ አሜሪካን ዩኒቨርሲቲ በከተማዪቱ አፋፍ ካምፓስ ከፍቶ ተማሪውን፣ ተከራዩንና ካፌውን አብሮ አመጣ።

በገበያው ውስጥ ከሳሙና፣ ከብርጭቆና ከእንጨት ሥራ መካከል የጎብኚን ዓይን የሚይዘው የድንጋይ ዓሣ ነው። ከከተማው በላይ በሐቅልና በህጁላ መንደሮች ያለው ነጭ የኖራ ዐለት ከ90 ሚሊዮን ዓመት በላይ በፊት የባሕር ወለል ነበር። ቋጥኙን የሚሠሩት ሰዎች ንብርብሩን በመሮና በመዶሻ ቀስ እያሉ ይሰነጥቁታል፤ ድንጋዩ እንደ መጽሐፍ ሲከፈት በአንዱ ገጽ ላይ ዓሣው ከነእሾሁና ከነክንፉ፣ በሌላው ገጽ ላይ ማኅተሙ ይወጣል። አንዳንዴ ሽሪምፕ፣ አንዳንዴም አጥንት የሌለው ኦክቶፐስ ሳይቀር ይገኛል። በ13ኛው መቶ ዓመት የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 9ኛ ሲዶና ሳለ እንዲህ ያለ ድንጋይ ቀርቦለት መደነቁ ተጽፏል። ተራራው ዝግባውን ከጨረሰ በኋላ እንኳ ለወደቡ የሚያቀብለው ነገር አላጣም። ሜዳው ደግሞ ሙዝና አትክልት፣ ደጋው ፖም ያቀርባል፤ ከባሕር ማዶ ያሉ ዘመዶች የሚልኩት ገንዘብ ግን ለብዙ ቤተሰብ ከእርሻው ይበልጣል።

ይህ ኑሮ ምን ያህል ስስ መሠረት ላይ እንደቆመ ያለፉት ዓመታት አሳይተዋል። በሐምሌ 2006 በእስራኤልና በሂዝቦላህ ጦርነት ከቤይሩት በስተደቡብ ያለው የጂየህ ኃይል ማመንጫ ነዳጅ ማከማቻ ተመትቶ ከ10 ሺህ ቶን በላይ ከባድ ዘይት ወደ ባሕር ፈሰሰ፤ ማዕበሉ ወደ ሰሜን እየገፋው ቢብሎስ ወደብ አስገባው። የጥንቱ ግንቦች የታችኛው ክፍል እንደ ሬንጅ ጠቆረ። ጠንካራ ኬሚካል ድንጋዩን ስለሚበላው ጽዳቱ በዩኔስኮ ድጋፍ ድንጋይ በድንጋይ በእጅ መከናወን ነበረበት። ከ2019 ጀምሮ የመጣው የገንዘብ ቀውስ ግን ከዘይቱም የከፋ ነበር። ለዓመታት በአንድ ዶላር 1507.5 ላይ ተተክሎ የነበረው የሊባኖስ ሊራ በ2023 ከ100 ሺህ በላይ ደረሰ፤ ባንኮች የሰዉን ቁጠባ ያዙ፤ የመንግሥት መብራት በቀን ወደ ጥቂት ሰዓት ወረደ። ነጋዴው ለጄኔሬተር ባለቤት እየከፈለ ወይም ጣራው ላይ ሶላር ፓነል እየሰቀለ ይሠራል፤ የምግብ ቤቱ ዋጋም በዶላር ይነገራል። በዩኒቨርሲቲው የተማረው ወጣት ብዙውን ጊዜ ትምህርቱን ሲጨርስ ወደ ባሕረ ሰላጤው ሀገሮች ወይም ወደ አውሮፓ ይሄዳል።

በዚህ ኢኮኖሚ ውስጥ የኢትዮጵያውያን እጅም አለበት። በሊባኖስ የቤት ሠራተኞች መካከል ኢትዮጵያውያት እህቶቻችን ከሁሉ የሚበዙት ናቸው፤ ፈቃዳቸው በአንድ አሠሪ ስም የሚታሰርበት የከፋላ ሥርዓትም ቤት ለመቀየር፣ ደመወዝ ለመጠየቅና ወደ ሀገር ለመመለስ ያላቸውን መብት ያጠብበዋል። በ2020 ሊራው ሲወድቅ ብዙ አሠሪዎች ደመወዝ መክፈል ተስኗቸው ሴቶቹን ሻንጣቸውን አስይዘው በቤይሩት የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ አውርደዋቸው ሄደዋል። የሊባኖስን ባሕር ዳር ውበት የሚጽፍ አማርኛ ጸሐፊ ይህን ዘሎ ቢያልፍ የጉዳዩን አንድ ጎን ደብቋል ማለት ነው።

ዓሣ ማጥመድ ከሥራዎቹ ሁሉ የቆየው ሲሆን ዛሬ ግን አነስተኛ ገቢ ያለው ነው። ነዳጅ ተወዷል፤ መረቡም እንደ ድሮው አይሞላም። ከ1869 ጀምሮ በስዊዝ ቦይ በኩል የቀይ ባሕር ዓሦች ወደ ሜዲትራንያን እየገቡ ነው፤ ባሕሩ እየሞቀ በሄደ ቁጥርም በርክተዋል። መርዛም እሾህ ያለው፣ ባለ ዥጉርጉር ክንፉ የአንበሳ ዓሣ ከ2012 ወዲህ በሊባኖስ ዳርቻ ተዛምቶ የአገሩን ትንንሽ ዓሦች ይውጣል። አጥማጆቹ መጀመሪያ ከመረባቸው ፈትተው ይጥሉት ነበር፤ ሥጋው ነጭና ጣፋጭ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ግን እሾሁን በወፍራም ጓንት ይዘው በመቀስ እየቆረጡ ለምግብ ቤቶች ማቅረብ ጀምረዋል።